የአንድ ዓመት ሙከራ ብለን መጣን፤ ባለቤቴ ግን ቡና ተከለ

ለተከበሩ የምክር ዓምድ አዘጋጅ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ዓምድዎን ካናዳ እያለሁ ጀምሮ አነብ ነበር፤ አንድ ቀን የራሴን ጉዳይ ይዤ እመጣለሁ ብዬ ግን አላሰብኩም። የ39 ዓመት ሴት ነኝ፤ ተወልጄ ያደግኩት አዲስ አበባ፣ ጉለሌ ነው። ባለቤቴ የጅማ ልጅ ነው። የተዋወቅነውም የተጋባነውም ካልጋሪ ሲሆን የ13 ዓመት ሴት ልጅና የ7 ዓመት ወንድ ልጅ አሉን። ሁለቱም እዚያው ነው የተወለዱት።

የባለቤቴ አባት ካረፉ በኋላ አማቴ ብቻቸውን ቀሩ። በማና በኩል ያለው የቡና መሬትም ተመልካች አጣ። ባለቤቴ ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ እያጣ ሲቸገር ከቆየ በኋላ «አንድ ዓመት እንሞክረው፤ ካልተመቸን እንመለሳለን» አለኝ። እኔም እሺ አልኩ። ሥራዬን ለቀቅኩ፤ ዘጠኝ ዓመት የሠራሁት በአረጋውያን መንከባከቢያ ነበር። አምና ነሐሴ ላይ ጅማ ገባን።

ትንሹ ልጄ ኑሮውን ወዶታል። ከትምህርት ቤት መልስ ቦርሳውን ወርውሮ ይወጣል፤ ጨለማ ካልሆነ አይገባም። ዝናቡም ጭቃውም አይከለክለውም። አሁን አሁን በአማርኛ ስጠራው በኦሮምኛ ይመልስልኛል። ትልቋ ግን ሌላ ልጅ ሆናብኛለች። በእንግሊዝኛና በሒሳብ ከክፍሏ አንደኛ ናት፤ በኦሮምኛ ወደቀች፤ አማርኛዋም የቤት አማርኛ ነው፤ ማንበብ ያስቸግራታል። አንድ መምህር ውጤቷን በክፍሉ ፊት ጮክ ብሎ አንብቦ ልጆቹ ስለሳቁ ሁለት ቀን ትምህርት ቤት አልሄድም ብላ ነበር። «ዲያስፖራዋ» ነው የሚሏት። ከትምህርት ቤት ስትመጣ ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ አልጋዋ ላይ ትተኛለች። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የስልኳ ብርሃን በበሩ ሥር ይታየኛል። ካልጋሪ እያለች ትረግመው የነበረውን በረዶ እንኳ ናፈቀኝ ትላለች።

አማቴ ደግ ሴት ናቸው፤ ክፉ ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። ነገር ግን በር የሚባል ነገር አያውቁም። ልጄ በሯ ላይ «እባክዎ ከመግባትዎ በፊት ያንኳኩ» የሚል ወረቀት በእንግሊዝኛ ጽፋ፣ ዳር ዳሩን በአበባ አስጊጣ ለጠፈች። አማቴ «እንዴት ያምራል!» አሉና በሩን ከፍተው ገቡ። ያን ቀን ልጄ አለቀሰች፤ እኔም ሳቄ መጥቶ ተከትሎት እንባዬ መጣ።

የእኔም ቀን የሚያልፈው በቡና ነው። ጠዋት ጎረቤት ይጠራኛል፤ ከሰዓት ዘመድ ይመጣል። ሁሉም «እንኳን ለአገርሽ አበቃሽ» ይለኛል። እኔ ግን ጅማን ከዚህ በፊት የማውቃት ለሠርጋችን መልስ ስንመጣ ብቻ ነው።

ነገሩ የከረረው ሰኔ ላይ ነው። ባለቤቴ እራት ላይ ሁለት ሺህ የቡና ችግኝ አስተክሎ መምጣቱን ለእናቱ በደስታ ነገራቸው። «በሦስት በአራት ዓመት ይደርሳል» ሲል ሰማሁ። ምንም ሳልል ተነስቼ እጄን ታጠብኩ። ከዚያ በኋላ ካልጋሪ ያለችው እህቴ «ልጅቷን እኔ ዘንድ ላኪያት፤ እዚያ ከምትታመም እኔ አስተምራታለሁ» አለች። እህቴ ብቻዋን ነው የምትኖረው፤ የሌሊት ፈረቃ ትሠራለች። በዚህ ወር መጨረሻ ትኬቱን እቆርጣለሁ ብላለች። ልጄ ሻንጣዋን አውርዳ መደርደር ጀምራለች። ባለቤቴ «ልጄን ለማንም አልሰጥም፤ ልቧን ያሸፈትሽው አንቺ ነሽ» ብሎኝ እነሆ ከተኳረፍን ሰንብተናል። አዲስ አበባ ያለችው እናቴ «ባልሽ ባለበት ተቀመጪ» ትላለች።

ልጄን ልላካት? ወይስ ሁለቱንም ይዤ ልመለስ? ወይስ ተመስገን ብዬ ዝም ልበል? ምክርዎን እጠብቃለሁ።

ግራ የገባኝ እናት፣ ከጅማ


መልስ

እህቴ፣ እንኳን ጻፍሽልኝ። የጠየቅሽኝ ስለ ልጅሽ ነው፤ ወደ እሷም እመጣለሁ። ደብዳቤሽን ሳነብ ግን ልቤ የቀረው እራት ላይ ነው፤ አንቺ እጅሽን ለመታጠብ የተነሳሽበት ቦታ።

ጅማ ውስጥ ሰው ቡና ሲተክል ምን እያለ እንደሆነ ለመረዳት ገበሬ መሆን አያስፈልግም። ችግኙ በችግኝ ጣቢያ ወራት ቆይቶ በክረምቱ ዝናብ ይተከላል፤ የመጀመሪያውን ፍሬ ለማየት ሦስትና አራት ዓመት መጠበቅ ግድ ነው። እስከዚያ መኮትኮት፣ ማረም፣ የጥላ ዛፍ ማስተካከል አለ። ባለቤትሽ ሰኔ ላይ ሁለት ሺህ ችግኝ ሲያስተክል «አንድ ዓመት እንሞክረው» ያላችሁት ስምምነት በዚያው ቀን አብቅቷል። እሱ ስምምነቱ ተቀይሯል አላለም፤ አንቺም ተቀይሯል ወይ ብለሽ አልጠየቅሽም። በእኔ እይታ የቤታችሁ ችግር ሥሩ እዚህ ነው። የልጅሽ ኀዘን እውነተኛ ነው፣ ሆኖም እናንተ ሁለታችሁ ያልተነጋገራችሁት ነገር በእሷ ሻንጣ ውስጥ እየተደረደረ ይመስለኛል።

ባለቤትሽን ለመክሰስ አይደለም ይህን ያልኩት። አባቱን ሩቅ አገር ሆኖ ያጣ ሰው ነው፤ እናቱን ብቻቸውን አግኝቷቸዋል፤ አባቱ የደከሙበት መሬት ዳዋ ሲለብስ አይቷል። እንዲህ ያለ ሰው ችግኝ ሲተክል ደስ ይለዋል፤ ደስ ሲለው ደግሞ አጠገቡ ያለው ሰው ዝምታ እሺታ ይመስለዋል። ዓመቱ እያለቀ መሆኑን አንስታችሁ የተነጋገራችሁበት ቀን ነበር? ወይስ ሁለታችሁም አንዳችሁ እስክታነሱት ስትጠባበቁ ሰኔ ደረሰ?

አንድ ሌላ ጥያቄ አለኝ፤ መልሱን ለእኔ ሳይሆን ለራስሽ ብቻ ስጪ። ልጅሽ እንደ ወንድሟ ቦርሳዋን ወርውራ የምትወጣ፣ ጓደኛ ያላት፣ ደስተኛ ልጅ ብትሆን ኖሮ አንቺ ጅማ መቆየት ትፈልጊ ነበር? መልስሽ «አዎ» ከሆነ ጉዳዩ በእርግጥ የልጅሽ ነው፤ መላ እንፈልግለታለን። መልስሽ «አይ፣ እኔም አልፈልግም ነበር» ከሆነ ደግሞ ይህንን በራስሽ አፍ፣ በራስሽ ስም መናገር ይኖርብሻል። የ13 ዓመት ልጅ የእናቷን መመለስ ቀድማ ሄዳ እንድትጠርግ አይገባም። እሷ ከሄደች «ልጄ እዚያ ናት» ብሎ መከተል ቀላል ይሆናል፤ ባለቤትሽ «ልቧን ያሸፈትሽው አንቺ ነሽ» ያለው ክፉ አነጋገር ቢሆንም የሸተተው ነገር ምናልባት ይህ ይሆናል። ካልሆነ ይቅርታሽን እጠይቃለሁ።

ስለ ራስሽ ሥራ የጻፍሽው አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ስለ በሩ ወረቀት ከዚያ ይበልጥ ጽፈሻል! ዘጠኝ ዓመት ደመወዝሽን ይዘሽ ወደ ቤት ስትገቢ ኖረሽ፣ ዛሬ በምትገቢበት ሁሉ የእገሌ ሚስት፣ የእገሌ ምራት ነሽ። «እንኳን ለአገርሽ አበቃሽ» የሚሉሽ ሰዎች ከልባቸው ነው፤ ነገር ግን ከአራታችሁ አገሩ የገባው አንድ ሰው ብቻ ነው። ለልጆቹ ጅማ አዲስ አገር ናት፤ ለአንቺም ቋንቋውን የማትሰሚው፣ ጓደኛ የሌለሽ አዲስ ከተማ ናት። ይህንን ባለቤትሽ ያስተዋለው አይመስለኝም፤ አንቺም ቢሆን «አገሬ ነው፣ ምን ብዬ ልማረር» እያልሽ ለራስሽ የፈቀድሽው አይመስለኝም።

ስለዚህ ከመመለስና ከመቆየት በፊት ስለ ሥራ እናውራ። ጅማ ውስጥ ልጆቻቸው ውጭ አገር የሆኑ፣ ገንዘብ የሚላክላቸው ግን አልጋቸውን የሚያነጥፍ፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ የሚሰጥ፣ ሲወድቁ የሚያነሳ ሰው የሌላቸው አረጋውያን አሉ። አማትሽም እናንተ እስክትመጡ ድረስ ብቻቸውን ነበሩ። አንቺ ደግሞ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሠራሽው ይህንኑ ነው። አንዲት አሮጊትን ወገቧን ሳይጎዱ ከአልጋ ወደ ወንበር እንዴት እንደሚያዛውሩ የሚያውቅ ሰው ብዙ አይገኝም። በሁለት ቤት ተመላልሰሽ ብትጀምሪ ሥራ ነው። የነርስነት ዲፕሎማ ካለሽና በሆስፒታል መሥራት ከፈለግሽ መንገዱ ይረዝማል፤ የውጭ የትምህርት ማስረጃ አቻ ግምት የሚሠራው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው፣ ከዚያ የጤና ባለሙያ ፈቃድ ይከተላል። የካናዳ ዜግነት ወስደሽ ከሆነም የኢትዮጵያ ተወላጅ መታወቂያ አውጪ፤ በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 270 መሠረት ይህን የያዘ ሰው ያለ ቪዛ ይገባል፣ የመኖሪያ ፈቃድም የሥራ ፈቃድም አይጠየቅም። መምረጥና መመረጥ፣ እንዲሁም በመከላከያ፣ በደኅንነትና በውጭ ጉዳይ መሥራት ግን አይችልም። ለልጆቹም ይሠራል። ብትመለሱ እንኳ አይባክንም።

የቡናውን ጥሪ በተመለከተ፣ ጅማ ተቀምጦ ቡና ጠጪ ሲሉ አልመጣም ማለት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ሥራ ያላት ሴት ግን «ዛሬ ሥራ አለኝ» ስትል ማንም አይቀየማትም።

አሁን ወደ ልጅሽ።

መጀመሪያ እንቅልፏን አስቢ። በጅማና በካልጋሪ መካከል እንደ ወቅቱ የዘጠኝ ወይም የአሥር ሰዓት ልዩነት አለ። የስልኳን ብርሃን የምታዪበት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ካልጋሪ ላይ ገና ከሰዓት በኋላ ነው፤ ጓደኞቿ ውለው ቤት የገቡበት ሰዓት። ልጅቷ ከእነሱ ጋር ለመሆን ሌሊቱን ትሰዋለች፣ ጠዋት ደግሞ ተነስታ በማትሰማው ቋንቋ ትማራለች። በዩኒፎርም አልጋ ላይ መውደቋ የኀዘን ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ደክሟታል። ስልኩን ግን አትንጠቂያት፤ ዛሬ ያላት ጓደኛ ያ ስልክ ውስጥ ያለው ነው። ይልቅ አብራችሁ ሰዓት ምረጡ። ቅዳሜ ወይም እሑድ ካልጋሪ ላይ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሲሆን፣ በበጋቸው እዚህ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ነው፣ በክረምታቸው ሁለት ሰዓት። በዚያ ሰዓት ሳሎኑ በእንግዳ ቢሞላም የእሷ ክፍል የእሷ ይሁን፤ መብራት ቢጠፋ ስልኳ ቀድሞ ቻርጅ የተደረገ ይሁን። በሥራ ቀን ግን ስልኩ ማታ ከክፍሏ ውጭ ይደር። ትጨቃጨቃለች። ያንቺም ስልክ አብሮ ከመኝታ ቤት ውጭ ቢያድር ጭቅጭቁ ይቀንሳል።

ቀጥሎ ኦሮምኛው። ልጅሽ አንድ ያላሰበችው ዕድል አላት፤ ኦሮምኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። የአማርኛውን ፊደል እየቆጠረች ስትቸገር፣ ኦሮምኛውን ግን የጥቂት ፊደላትን ድምፅ ከለየች በኋላ በቀናት ውስጥ ማንበብ ትጀምራለች። ትርጉሙ ይቆያል፣ ማንበቡ ግን የእሷ ይሆናል። መጪው ዓመት ስምንተኛ ክፍል ከሆነች ክልላዊ ፈተና አለባት፤ ስለዚህ ክረምቱ ሳያልቅ ይጀመር። ጅማ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት፤ ቤት እየሄዱ የሚያስጠኑ ተማሪዎች አይጠፉም። ሴት አስጠኚ ብትሆን፣ በዕድሜም ብዙ የማትርቃት ብትሆን እመርጣለሁ። ልጅሽ እንግሊዝኛዋን ብታግዛት ደግሞ ተማሪ ብቻ ሆና አትቀመጥም።

ከአስጠኚዋ ይልቅ የምመካው ግን በአባቷ ነው። በቤታችሁ ያንን ቋንቋ ከእናቱ ጡት ጋር የጠጣው እሱ ነው። ከእሷ ጋር የሚያወራው በእንግሊዝኛ ነው ብዬ ብገምት የተሳሳትኩ አይመስለኝም፤ ካልጋሪ የለመዱት ነውና። ጠዋት ትምህርት ቤት ሲያደርሳት መንገዱን በኦሮምኛ ይዟት ይሂድ፤ ሲስቅባትም አብራው ትስቃለች፣ የአባት ሳቅ እንደ ክፍል ሳቅ አያቆስልም። ውጤቷን በክፍል ፊት ያነበበውን መምህር ለማነጋገርም እሱ ይሂድ፤ ከአንቺ ጋር ሆኖ። ጠብ አያስፈልግም። ሁለት ነገር ብቻ ጠይቁ፤ ውጤቷ ለእሷ ብቻ እንዲነገራት፣ ቋንቋውን ከዜሮ ለጀመረ ልጅ ትምህርት ቤቱ ምን እንደሚያደርግ። አባቷ ስለ እሷ ቆሞ ሲናገር ልጅቷ ብታየው ደግሞ ከማንኛውም ምክር ይበልጥ ይጠቅማታል።

ስለ ጓደኛ አንድ ነገር ልበል። ልጃቸው የከፋት ወላጆች ሽርሽር ማሰብ ይቀናቸዋል። ጅሬን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ውሰዷት፣ ቦዬ ሄዳችሁ ጉማሬ ፈልጉ፣ ሁሉም ደግ ነው፤ ግን አንድ ቅዳሜ ነው የሚሸፍነው። የ13 ዓመት ልጅ የምትፈልገው እሑድ ምን እንደለበሰች የምታማው አንዲት ልጅ ነው። አንዲት ብቻ። ጅማ ከድሮም የኦሮሞው፣ የዳውሮው፣ የከፋው፣ የየሙ፣ የጉራጌው፣ የአማራው ልጅ በአንድ ግቢ የሚያድግባት ከተማ ናት፤ ቤቱ ሌላ ቋንቋ የሚያወራ ልጅ ክፍሏ ውስጥ አይጠፋም። «ልጆቹ ሲስቁብሽ ያልሳቀችው ማን ናት?» ብለሽ ጠይቂያት። አንድ ስም ትነግርሻለች። ያችን ልጅ ቤት ጋብዢልኝ፤ ምሳ አቅርቢና ከክፍሉ ውጪላቸው፤ አማትሽንም ይዘሽልኝ ውጪ።

ወደ በሩ ወረቀት ስንመጣ፣ ያቺን ወረቀት ወድጃታለሁ። ልጅሽ አልጮኸችም፣ በር አልወረወረችም፤ በጨዋ ቃል ጽፋ በአበባ አስጊጣ ለጠፈች። አማትሽም አላጠፉም፤ የልጅ ልጅ ክፍል ለመግባት ፈቃድ የሚጠየቅበት ቤት አያውቁም። ይህን አንቺ በመሐል ገብተሽ አትፍቺው፤ ምራት ስለ በር ስታወራ ነገሩ ሌላ ይሆናል። ልጅቷ ራሷ አያቷን በኦሮምኛ ትጠይቃቸው። ዓረፍተ ነገሩን አባቷ ያስጠናት፤ ብትንተባተብም ይሻላል። በምላሹ እሷም የሆነ ነገር ትስጣቸው፤ ማታ ቡና ሲፈላ መጥታ እስከ ቶናው ድረስ አጠገባቸው ትቀመጥ፣ ከዚያ ወደ ክፍሏ መሄድ መብቷ ይሁን። ብዙ አያቶች በዚህ ዋጋ በር ያንኳኳሉ።

እህትሽ ዘንድ መላኩን እንዴት አየዋለሁ? በቀጥታ ልንገርሽ፤ አሁን ባለው ሁኔታ አልልካትም ነበር። እህትሽ ያቀረበችው ከፍቅር ነው፤ ነገር ግን የሌሊት ፈረቃ የምትሠራና ብቻዋን የምትኖር ከሆነ ልጅቷ ማታ ከማን ጋር ናት? እናቷን አጥታ፣ ወንድሟን አጥታ፣ በዚያ ክረምት ብቻዋን ቁርሷን አቅርባ ትምህርት ቤት መሄድ የናፈቃትን ካልጋሪ አይመልስላትም። የናፈቃት እናንተ ያላችሁበት ካልጋሪ ነው። በዚያ ላይ ለትምህርት ቤት ምዝገባና ለሕክምና ውሳኔ አክስቷ ሕጋዊ ወረቀት ያስፈልጋታል፤ ብቻዋን ለምትጓዝ ልጅ የወላጆች የስምምነት ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ አባቷ ሳይስማማ የሚሆን ነገር አይደለም። ተደብቆ ቢደረግ ደግሞ ትዳራችሁን የሚጎዳው ከልጅቷ መሄድ በላይ መደበቁ ነው። በመጪው ክረምት ለእረፍት ሄዳ እንድትመለስ ማሰብ ግን ይቻላል። ለዚህ ቀን ተቆርጦላት ብታውቀው ዓመቱ ያጥርላታል።

ሁለቱን ይዞ መመለስም አንድ ምርጫ ነው፤ ነውር የለበትም። ሞክረው አልሆን ብሏቸው የተመለሱ ቤተሰቦች አሉ፤ አባት እየተመላለሰ መሬቱን የሚያይባቸውም አሉ። ግን ከቁጣ ሳይሆን ከንግግር በኋላ ይሁን።

ልጅሽ ምግብ ከተወች፣ ከክፍሏ መውጣት ፈጽሞ ከጠላች፣ ወይም «ብሞት ይሻላል» ዓይነት ቃል ከወጣት ግን ይህ ሁሉ ይቆይና በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ውሰጃት። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ሰው እንዳይሰማ ብለሽ እንዳትዘገዪ።

ከባለቤትሽ ጋር ስለሚደረገው ንግግር። ቤት ውስጥ አታድርጉት፤ አማትሽ ይሰማሉ፣ ልጅቷ በበሩ ሥር ትሰማለች፣ ጎረቤትም ለቡና ይመጣል። ችግኙን አይተሽው ታውቂያለሽ? በደብዳቤሽ መሬቱ ላይ የቆምሽበትን ቀን አላገኘሁም። አንድ ጠዋት «ወደ ማና ስትሄድ እኔም እመጣለሁ» በዪው። ይደነግጣል፤ ደስም ይለዋል። ካሳየሽና ከጨረሰ በኋላ፣ እዚያው ቆማችሁ፣ በዚህ ዓይነት ቃል ንገሪው፦ «የተከልከውን አየሁ፤ ልፋትህም ገብቶኛል። አንድ ዓመት ብለን ነበር የመጣነው። ችግኙ ግን ስለ አራት ዓመት ነው የሚናገረው። እኔን ሳትጠይቀኝ መሆኑ አሳዝኖኛል፤ እኔም በጊዜው አልተናገርኩም። አሁን ስንት ዓመት ነው የምንኖረው? እኔና ልጅቷ እንድንኖር ምን ሊለወጥ ይችላል?» ከዚያ ዝም በዪና አድምጪው። የራሱ ፍርሃት ይኖረዋል፤ እናቴን ጥዬ ብሄድና ቢያርፉብኝ የሚል ፍርሃት ሳይሆን አይቀርም። «ልቧን አሸፈትሽ» ያለሽ ቃል እንደጎዳሽም በዚያው ንገሪው፤ ክርክር እንዳይሆን አንድ ጊዜ ብቻ።

ከዚያ ቀን የምትፈልጊው አንድ የተስማማችሁበት ቀን ነው። ለምሳሌ ቀጣዩ የትምህርት ዓመት እስኪያልቅ፣ ሰኔ ላይ፣ ሁላችሁም ተቀምጣችሁ ትመዝናላችሁ፤ ልጅቷም የመናገር ድርሻ ይኖራታል፤ ውሳኔው ግን የእናንተ የሁለታችሁ ነው። ለልጅቷ ይህንን አንድ ላይ ሆናችሁ ንገሯት። «እስክትለምጂ ድረስ» አትበሏት፤ ያ ቀን የለውም። ባለቤትሽ ቀን ለመቁረጥ እምቢ ካለ፣ የሚያከብረውን አንድ ሰው፣ ታላቅ ወንድሙን ወይም የአባቱን ወዳጅ፣ በመሐል ማስገባት ይቻላል፤ ከዚያ በፊት ግን ሽማግሌ አትሰብስቢበት። እናትሽ «ባልሽ ባለበት ተቀመጪ» ማለታቸው ከእሳቸው ዘመን የመጣ ምክር ነው፤ አክብረሽ ስሚያቸው፣ ለባለቤትሽ ግን አትጥቀሺው።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል፤ እህትሽ ደግሞ በወሩ መጨረሻ ትኬት ልትቆርጥ ነው። ስለዚህ ዛሬ ደውዪላት። «ስለ ልጄ ስላሰብሽ አመሰግንሻለሁ፤ ትኬቱን አትቁረጪ፤ ከአባቷ ጋር ሳልነጋገር አልወስንም» በያት። ልጅሽም ይህንን ከአክስቷ ሳይሆን ከአንቺ አፍ ትስማው፤ ማታ ክፍሏ ግቢና ንገሪያት። አንኳክተሽ።